ሰዓቱ አንድ ይላል፣ እግሬ ሌላ ይላል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሳይክል ልምምድ ከጻፍን ወዲህ ደብዳቤ ጎርፎልናል። ደስ የሚለው፣ የሚነዳው ሰው በዝቷል። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ ግን ስለ ሳይክሉ አይደሉም፤ እጅ ላይ ስለሚታሰረው ሰዓት ናቸው። የልብ ምት ስለሚቆጥረው፣ መንገድ ስለሚመዘግበው፣ አንዴ "ጎበዝ" አንዴ "ደክመሃል" ስለሚለው ሰዓት። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሰዓት ሳላስር ሳይክል ላይ ወጥቼ አላውቅም። ያየሁትንና የማውቀውን በግልጽ እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከገርጂ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ 62 ኪሎ እመዝናለሁ፣ ወደ 56 መውረድ እፈልጋለሁ። ከሦስት ወር ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ማለዳ በኮሪደሩ የሳይክል መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል እነዳለሁ። ስጨርስ ሰዓቴ "1,100 ካሎሪ አቃጠልሽ" ይለኛል። የቀነስኩት ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ሰዓቱ ነው የዋሸኝ ወይስ እኔ የሆነ ነገር አበላሸሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላበላሸሽም። ሦስት ወር ሙሉ በሳምንት አራት ቀን ከሞቀ አልጋ ተነስቶ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፣ መጀመሪያ ይህን ልበልሽ።

ሰዓቱ ካሎሪ የሚለካ ይመስለናል። አይለካም፣ ይገምታል። የሚለካው የልብሽን ምትና የእጅሽን እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ መጀመሪያ የሞላሽለትን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቁመትና ክብደት ይጨምርበትና በቀመር ያወጣዋል። ልብሽ ደግሞ ለጉልበት ብቻ አይደለም የሚመታው። እንቅልፍ ሲያጥርሽ ይመታል፣ ቡና ስትደጋግሚ ይመታል፣ ከኋላሽ ሚኒባስ ድንገት ጡሩምባ ሲነፋብሽም ይመታል። ሰዓቱ ሁሉንም እንደ ጉልበት ይቆጥረዋል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የእጅ መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ፈትነው ነበር። ሰዎቹ በመሮጫ ማሽንና በቆመ ሳይክል ላይ ሠሩ። የልብ ምት ላይ ከሰባቱ የስድስቱ ስሕተት ከ5 በመቶ በታች ነበር፣ ይህ ጥሩ ነው። ካሎሪ ላይ ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፤ የመጨረሻው 93 በመቶ። ሰዓቶቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፣ አሠራሩ ግን ያው ግምት ነው።

ያንቺን ቁጥር በሌላ መንገድ እንፈትሸው። ፓወር ሜትር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፔዳሉ ላይ ወይም የፔዳሉ ክንድ ላይ ይገጠምና እግርሽ የሚገፋውን ጉልበት በዋት ይለካል። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ሩቡ ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ፔዳሉ ላይ የተለካ አንድ ኪሎ ጁል፣ ሰውነት ካቃጠለው አንድ ካሎሪ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። አንድ ሰው አንድ ሰዓት በአማካይ 150 ዋት ቢገፋ 540 ኪሎ ጁል ይሠራል፤ ስለዚህ 540 ካሎሪ ገደማ አቃጠለ ማለት ነው። አንቺ በአንድ ሰዓት ተኩል 1,100 ለማቃጠል 200 ዋት አልፈሽ፣ ሳታቋርጪ መግፋት ነበረብሽ። 62 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ይህ የተወዳዳሪ ጉልበት ነው። መብራት እያስቆመሽ፣ እግረኛ እያሳለፍሽ የሚሆን አይደለም። እውነተኛው ቁጥር የዚያ ግማሽ አካባቢ ቢሆን አይገርመኝም።

አሁን ሰዓቱን አውልቂና መረጃሽን ክፈቺው። የጎረቤቴን ሰዓት አንድ ቀን አብረን ስናየው "ወንድ፣ 80 ኪሎ" ይላል። እሷ 58 ኪሎ ነች። ሱቅ ውስጥ የከፈተላት ልጅ ዝም ብሎ እሺ እሺ እያለ አልፎት ነው። በዚህ መረጃ የሚወጣ ካሎሪ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው። ሌላው፣ ብዙ ሰዓቶች ሁለት ቁጥር አላቸው፤ አንዱ የእንቅስቃሴ ካሎሪ፣ ሌላው ጠቅላላ። ጠቅላላው ሶፋ ላይ ብትቀመጪም የምታቃጥዪውን ጨምሮ ነው፣ ያ ለብቻው ላንቺ በሰዓት ወደ 60 ይጠጋል።

የሚያሳስበኝ ግን ቁርሱ ነው። "1,100 አቃጥያለሁ" ብለሽ ፍርፍሩን ከወትሮው ጨመር ካደረግሽው፣ ያልተቃጠለውን ነው የምትተኪው። ቁጥሩን ለምግብ አትጠቀሚበት። ለአንድ ነገር ይጠቅማል፦ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ ሰዓት አስረሽ፣ ዛሬና የዛሬ ወር ስትነጂ ለማወዳደር። ስሕተቱ ሁለቱም ቀን ተቀራራቢ ስለሚሆን ልዩነቱ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሐዋሳ ነኝ፣ 23 ዓመቴ። ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ አጥብቄ ስነዳ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሰዓቱ የልብ ምቴን 92 ይላል። ኮብልስቶን ላይ ስገባ ደግሞ ድንገት 176። ጓደኞቼ እነዚህ ሰዓቶች ለነጭ ቆዳ የተሠሩ ናቸው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልክ ይኸው ደርሶብኛል። የዛሬ ሦስት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ጣት በሚቆርጥበት ማለዳ፣ እንጦጦን እየወጣሁ ነበር። ትንፋሼ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፣ ሰዓቱ 104 ይላል። ጫፍ ደርሼ ቁልቁል ስመለስ፣ ፔዳል ሳልረግጥ፣ ሁለት እጄን ፍሬን ላይ አድርጌ፣ መንገዱ እያንገጫገጨኝ፣ 168 አለኝ። ቤት ገብቼ ሥዕሉን ስከፍተው ዳገቱ ላይ ሸለቆ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተራራ ሆኖ ተሥሏል። ልቤ ታመመ ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ሐኪም ዘንድ ሄጄ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተደረገልኝ፣ ምንም የለብኝም። ከዚያ ሐኪሙ እጄን ያዘና ሰዓቱን በጣቱ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተው። "እንዲህ ላልቶ ነው የምትነዳው?" አለኝ። እንደ አምባር ይዞር ነበር።

ሰዓትህን ገልብጠህ ጀርባውን እየው። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳህ ሥር ያለው ደም ስለሚበዛ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ በምትና በምት መካከል ደሙ ይቀንስና ብርሃኑ ይጨምራል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ይህን ከፍ ዝቅ ነው። ሳይክል ላይ ግን አንጓህ መሪው ላይ ይታጠፋል፣ መያዣውን ስትጨብጥ ጅማትህ ይወጠራል፣ ኮብልስቶኑ ሰዓቱን ያንዘፈዝፈዋል፣ በጎን የውጭ ብርሃን ይገባል። ያኔ የመንገዱን ንዝረት ከልብ ምት መለየት ያቅተዋል። ሲበርድ ደግሞ ደም ከቆዳ ስለሚሸሽ የሚያነበው ነገር ያጣል። የኔ የእንጦጦ 104 ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ቆዳ የጠየቅከው ተገቢ ጥያቄ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው 53 ሰዎች ላይ ይህንኑ ፈትሸዋል። የልብ ምት ላይ በቆዳ ቀለም የመጣ ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ልዩነቱን ያመጣው እንቅስቃሴ ነው፤ ሰዎቹ ሲንቀሳቀሱ ስሕተቱ ከዕረፍት ጊዜው በአማካይ በ30 በመቶ ከፍ ብሏል። የደም ኦክስጅን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ሆስፒታል ውስጥ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ሳያይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። የሆስፒታሉ እንዲህ ከሆነ የእጅ ሰዓቱ የኦክስጅን ቁጥር ላይ አትመካ። ንቅሳትም ብርሃኑን ይከለክላል፣ አንጓህ ላይ ካለ በሌላኛው እጅህ እሰረው።

ስትነዳ ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ክርንህ ከፍ አድርገህ፣ ቆዳው ላይ እንዳይንሸራተት አጥብቀህ እሰር። ስትጨርስ መልሰህ አላላው። በብርድ ከመውጣትህ በፊት አምስት ደቂቃ ሰውነትህን አሙቅ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኮብልስቶኑ ላይ አሁንም የሚሳሳት ከሆነ የደረት ቀበቶ ግዛ። ብርሃን አይጠቀምም፣ የልብን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ያነባል። የፊንላንዱ ፖላር ያለ ሽቦ የሚሠራውን የመጀመሪያውን የልብ ምት መለኪያ ለገበያ ያወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስከ ዛሬም ሳይክል ላይ የሚታመነው ይኸው ዘዴ ነው። ከማሰርህ በፊት ቆዳ የሚነካውን የጎማ ክፍል በውኃ አርጥበው። ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ዝም ብሎ ይቀባጥራል። ስትገዛ ደግሞ ከሰዓትህ ጋር በብሉቱዝ እንደሚገናኝ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክረህ ውሰድ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። የ63 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ ሲኤምሲ አካባቢ እኖራለሁ። የደም ግፊት ስላለብኝ አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ሳይክል መንዳት የጀመርኩት ሐኪሜ ፈቅዶልኝ ነው። ዳላስ ያለችው ልጄ ሰዓት ላከችልኝ። ትንሽ ዳገት ላይ የልብ ምቴ 142 ሲደርስ ሰዓቱ ይንቀጠቀጥና ቀይ ያሳያል። ልጄም ስልኳ ላይ አይታ "አባዬ፣ ዛሬም ቀይ ገብተሃል" እያለች ትደውላለች። እኔ ግን ደህና ነኝ፣ እያወራሁ ነው የምነዳው። ማንን ልመን?

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎም መጨነቋ ከፍቅር ነው፣ ይህን ጽሑፍ ያሳዩአት።

ቀዩ ቀለም የሚመጣው ከአንድ ተራ ቅናሽ ነው። ሰዓቱ 220 ላይ ዕድሜዎን ይቀንሳል፣ 157 ያገኛል። "የእርስዎ ልብ ከዚህ በላይ አይመታም" ብሎ ይነሣል። የ157 ዘጠና በመቶ 141 ነው፣ ከዚያ በላይ ቀይ ይቀባል። ይህ ቀመር የብዙ ሰው አማካይ እንጂ የእርስዎ ልብ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ቀመር አለ፤ ዕድሜውን በ0.7 አባዝቶ ከ208 ይቀንሳል። በእሱ ሲሰላ የእርስዎ ጣሪያ 164 ይሆናል፣ 142ም ቀይ መሆኑ ይቀራል። ሁለቱም ቀመሮች ለአንድ ሰው ሲሆኑ በአሥር ምት ወደ ላይም ወደ ታችም መሳት የተለመደ ነው። ከአንድ ክፍል ተማሪዎች አማካይ ውጤት ተነሥቶ የአንዱን ልጅ ውጤት መናገር እንደማይቻል እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

እያወሩ መንዳትዎ ትልቅ ምልክት ነው። ሐኪሞችም አሠልጣኞችም የሚጠቀሙበት ፈተና ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ መካከለኛ ላይ ነዎት። ሦስት አራት ቃል ብቻ ከሆነ ከብዷል፣ ማርሹን ያቅልሉት። መናገር ካልቻሉ ይቁሙ።

ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል። አምሎዲፒን በአብዛኛው የልብን ምት ይዞ አያስቀርም። አቴኖሎል፣ ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ግን ልብ ቶሎ ቶሎ እንዳይመታ ያደርጋሉ። እነዚህን የሚወስድ ሰው የሰዓቱን ቀለሞች እርግፍ አድርጎ ይተዋቸው። ሰውዬው በጣም ደክሞ ሳለ ሰዓቱ አረንጓዴ ሊያሳየው ይችላል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሐኪምዎ መድኃኒቱን ከቀየሩልዎ ይህን ይጠይቋቸው። ትሬድሚል ላይ እያስኬዱ የሚደረግ የልብ ምርመራ ካለም ያድርጉ፤ እዚያ የሚገኘውን የራስዎን ጣሪያ ልጅዎ ሰዓቱ ውስጥ በእጅ ትሙላልዎ። ያኔ ቀዩ እውነተኛ ቀይ ይሆናል።

ደረትዎን ከጨመደደዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ካዞረዎ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎ ግን ሰዓቱ አረንጓዴም ቢያሳይ ይውረዱና ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ። ሰዓቱ የልብ ድካምን አይለይም።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ በተሠራው የኦልድ ዶሚኒየን መንገድ እነዳለሁ፣ በአማካይ 26 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ የልብ ምቴ 135። ለገና አዲስ አበባ ሄጄ የወንድሜን ሳይክል ስነዳ 20 ላይ 150 አለኝ። የብቃት ነጥቤንም ሰዓቱ ወዲያው ዝቅ አደረገው። ሰዓቱ ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ በትክክል ለካ። የተቀየረው አየሩ ነው። ያንተ ቅዳሜ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን በሩብ ያነሰ ነው። ልብህ ጉድለቱን በምት ብዛት ይሞላል። እንጦጦ ላይ ብትወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፣ ይብስብህ ነበር።

ብቻ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ስስ አየር ለሳንባ ጠላት ቢሆንም ለሳይክል ወዳጅ ነው፣ ብዙ አይገታውም። ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት ውስጥ ረጅሙን ርቀት የመንዳት ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ለዚህ ነው፣ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ሜክሲኮ ሲቲ ደግሞ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ትላለች። እዚህ ተወልዶ በዚህ አየር ላደገ ብስክሌተኛ ጥሩ የውድድር ትራክ ቢሠራለት ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ሳስብ ልቤ ይነሣል።

ላንተ የምመክርህ፣ ስትመጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በፍጥነት ሳይሆን በትንፋሽህ ንዳ። ሰውነትህ በደንብ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ የገና ፈቃድህ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልቃል። ነጥቡን እርሳው፣ ቨርጂኒያ ስትመለስ እሱም ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ቦሌ አካባቢ የምኖር ሴት ነኝ። ልምምዴን ስትራቫ በሚባለው የስፖርተኞች አፕ ላይ እለጥፋለሁ። ባለፈው ሳምንት የማላውቀው ሰው "ነገም 11፡45 ላይ ከቤት ትወጫለሽ?" ብሎ ጻፈልኝ። በትክክል የምወጣበት ሰዓት ነው። ፈራሁ። ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ሳይክሉን አትተዪ፣ ካርታውን ግን ዛሬውኑ ዝጊ።

የምትለጥፊው ካርታ የሚጀምረው ከበርሽ ነው። በየቀኑ ከአንድ ቦታ የሚነሣ መስመር ያየ ሰው ቤትሽን አወቀ ማለት ነው፣ ሰዓቱም እዚያው ተጽፏል። ይህ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። ስትራቫ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ያወጣው የዓለም ካርታ፣ ወታደሮች በሰዓታቸው እየመዘገቡ ስለሮጡ ብቻ አፍጋኒስታንና ሶርያ ውስጥ ያሉ የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ አሳይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዓለምን አነጋግሯል። ወታደር ያላሰበውን አንቺ ባታስቢው አይፈረድብሽም።

የግላዊነት ቅንብሩን ክፈቺ። ልምምድሽን ተከታዮችሽ ብቻ እንዲያዩት አድርጊ። የካርታውን መነሻና መድረሻ የሚደብቅ ምርጫ አለ፤ ርቀቱን እስከሚፈቅድልሽ ድረስ አስፊው፣ ከተቻለ ሙሉ ካርታውን ደብቂው። ቀጥሎ የሚረሳው ነገር ይመጣል፦ አዲሱ ቅንብር ድሮ የለጠፍሽውን ላይሸፍን ይችላል። ወደ ኋላ ተመልሰሽ የድሮዎቹንም ዝጊ። ሰውዬውን ከማገድሽ በፊት መልእክቱን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ። ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ ንገሪ፣ ለጥቂት ሳምንታት የምትወጪበትን ሰዓትና መንገድ ቀያይሪ፣ ከሰው ጋር ንጂ። በአካል ካየሽው ወይም ደግሞ ከጻፈልሽ ያስቀመጥሽውን ይዘሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ።

ልምምድሽን ሰው ሳያየው መመዝገብ ይቻላል። ቁጥሩ ላንቺው ይበቃል።

አጫጭር ጥያቄዎችን ደግሞ በአንድ ላይ ልመልስ።

"30 ኪሎ ሜትር ነድቼ 400 እርምጃ ብቻ ቆጠረልኝ" ያልከው የአዳማው ወንድሜ፣ እርምጃ የሚቆጠረው በእጅ ውዝዋዜ ነው፣ ያንተ እጅ መሪው ላይ ቁጭ ብሏል። 400ውም ጉድጓዱ ያንገጫገጨህ ይሆናል። ከመነሣትህ በፊት የሳይክል ልምምድ የሚለውን ራስህ ተጫነው፣ እርምጃውን አትየው።

አማካይ ፍጥነቷ ከጓደኛዋ ለምን እንደሚያንስ ለጠየቀችው፦ የጓደኛሽ ሰዓት መብራት ላይ ስትቆም መቁጠር ያቆማል፣ ያንቺ አያቆምም። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት አድርጉትና ከዚያ ተፎካከሩ።

"የስልኬን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሼ ነው የምጠቀመው፣ ችግር አለው?" ላልሽው እህቴ፣ አዎ አለው። ሰዓቱ ጊዜውን ከስልኩ ነው የሚወስደው። ማለዳ 11፡30 ላይ የወጣሽበት ልምምድ ለሱ የትናንት ሌሊት ሆኖ በትናንቱ ቀን ይመዘገባል፣ እንቅልፍሽንም እንደ ቀን እንቅልፍ ሊያየው ይችላል። ስልኩን በትክክለኛው የአዲስ አበባ ሰዓት ተዪው፣ በኛ አቆጣጠር የሚያሳይ አፕ ለብቻው ጫኚ።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከባሕር ዳር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 17 ዓመቴ ነው። የአባቴን አሮጌ ፎኒክስ ነው የምነዳው። ተወዳዳሪ መሆን እፈልጋለሁ። ሰዓት የለኝም፣ ስልክ አለኝ፣ ብዙ ጊዜ ግን ካርድ የለውም። ሰዓት እስክገዛ ልጠብቅ ወይስ እንዴት ልለካ?

መልስ፦ ልጄ፣ አንድ ቀንም አትጠብቅ። በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል ተወዳድረዋል። ያ ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ መለኪያ እስኪወጣ ገና 26 ዓመት ይቀረው ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ጽጋቡ ግርማይ ታላቁን የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። አንተም ባለህ ጀምር።

ስልክህ ካርድ ባይኖረውም መንገድህን ይመዘግባል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ጂፒኤስ ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣ ምልክት ነው፣ ስልክህ እንደ ሬዲዮ ዝም ብሎ ይሰማል፣ አንድ ሳንቲም አይቆርጥብህም። ካርድ የሚፈልገው የካርታው ሥዕል ነው። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አፑን አንዴ ጫን፣ ከዚያ ምዝገባውን ጀምረህ ስክሪኑን አጥፋና ስልኩን በጀርባህ በኩል ኪስህ ውስጥ ክተተው። መሪው ላይ አታስረው፣ ፎኒክስ አያዝንለትም።

አንድ መንገድ ምረጥ። ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተነሥተህ ወደ ቤዛዊት የሚወጣው ዳገት ጥሩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቁርስ ሳትበላ ከሆነ ሁልጊዜ ሳትበላ፣ ያንን ዳገት በሙሉ ኃይልህ ውጣና ጊዜህን ያዝ። ጫፍ ላይ እንደቆምክ ሁለት ጣትህን አንገትህ ላይ፣ ከጉሮሮህ ጎን አድርግ። 15 ሰከንድ ቁጠር፣ በአራት አባዛ። አትዘግይ፣ ልብ ቶሎ ይወርዳል። ልክ አንድ ደቂቃ ቆይተህ ደግመህ ቁጠር። የሁለቱ ልዩነት ነው ዋናው። የመጀመሪያው 184፣ ሁለተኛው 160 ከሆነ 24 ወርዷል። ልምምዱ ሲገባህ የዳገቱ ጊዜ ያጥራል፣ ይህ ልዩነት ደግሞ ይሰፋል። ውድ ሰዓትም ይህንኑ ነው የሚሠራው።

ደብተር ግዛ። ቀኑን፣ የዳገቱን ጊዜ፣ ሁለቱን የልብ ምቶች፣ ስንት ሰዓት እንደተኛህ፣ እግርህ ምን እንደተሰማው ጻፍ። የጾም ቀን ከሆነም ጻፈው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ የነዱበት ቀን ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

ገንዘብ ማጠራቀም ስትጀምር መጀመሪያ ሄልሜት፣ ቀጥሎ የፍሬን ጎማ። የአሮጌ ፎኒክስ ፍሬን ዝናብ ሲነካው አይዝም፣ ከዳገቱ ስትወርድ ቀስ በል። ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የመጀመሪያውን ወር ቁጥሮች ከደብተርህ ገልብጠህ ላክልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።